የእሸቱ ሳጥን አዳሚ ቱሉ ሲወርድ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። የእድራችን ሴቶች፣ ቆላ ወርደው የማያውቁና የመውረድም ሐሳብ የሌላቸው፣ ባገኙኝ ቁጥር «ሙቀቱ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ለእያንዳንዷ ከምደግም አንድ ጊዜ ጽፌ ብጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ስለ ሐይቅና ስለ ወፍ ለማንበብ የተዘጋጀ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጉዞው ያለቀው አንድ ሰማያዊ ሳጥን ስንጠብቅ ነው።

የሳጥኑን ነገር ለማስረዳት ከባለቤቴ መጀመር አለብኝ። እሸቱ ሃያ ሁለት ዓመት የመንገድ ቀያሾች ሾፌር ነበር። የሚነዳት ሚኒባስ ከኋላዋ ሁለት አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛና የበረዶ ሳጥን ነበራት፤ መሐንዲሶቹ በረሃ ሲያድሩ ይተኙባታል፣ ለስላሳቸውን ያቀዘቅዙባታል። እሱ ጡረታ በወጣበት ዓመት እሷም ጡረታ ወጣችና በጨረታ ተሸጠች። ማን እንደገዛት መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሩቅ ሄደች ቢባል ወፍጮ ቤት ድረስ ነው። በዚያው ሰሞን እሸቱን ስኳር ያዘው፤ ኪኒኑ አልበቃ ብሎ ወደ ኢንሱሊን ተዛወረ፤ ሐኪሙም «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በረዶ ግን እንዳይሠራ» ብሎ አዘዘው። እሸቱ ደግሞ ትእዛዝ ሲቀበል እንደ ወታደር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከፍሪጃችን ርቆ አላደረም።

እኔ እንኳ ለምጄው ነበር። ያልለመደችው አዳሚ ቱሉ ያለችው ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች ናት። እናታቸው ስትሞት እሸቱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ትራክተር ነጂ አግብታ ቆላ ከወረደች አርባ ዓመት አልፏታል፤ ባሏንም የቀበረችው እዚያው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ዓይኗ ጠፋ። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ አንድ ቀን ታዲያ «ድምፅህንስ ጠግቤዋለሁ፤ ፊትህን አንዴ በእጄ ብዳስሰው ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። እሸቱ ስልኩን ዘግቶ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ብርዱ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ውሳኔውን አሳወቀኝ። ለምሳ ደርሶ መመለስ አይሆንም፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት አጠገቧ ማደር አለበት። እሷ ቤት ደግሞ ፍሪጅ የለም። ሳጥኑ ከሚኒባሷ ሆድ ወጥቶ በሳሙና የታጠበው ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጋቢ ለብሰናል፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበናል፣ ለእትዬ ዘነበች ስጦታ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘናል። በሙቀት ለምትቃጠል ሴት ብርድ ልብስ እንደጫንን ያስተዋልኩት ዱከም ስንደርስ ነው። ግን የደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ስጦታ ያውቃል? ሳጥኑን በፌስታል እየቋጠርን ቤት ያረጋነውን በረዶ ሞላንበት፤ ሦስቱ የመድኃኒት ብልቃጦች በብስኩት ቆርቆሮ ሆነው መሃል ተቀመጡ።

ዱከም ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ገጠመን። ሚኒባሶቹ ሰው ሲያወርዱና ሲጭኑ እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆምን። እኛ አገር መንገድ የሚዘጋው በግ ነው፤ በግ ደግሞ ክላክስ ሲሰማ ይሄዳል። ሹራቤን ደብረ ዘይት ላይ አወለቅሁ፣ ካልሲዬን ሞጆ ላይ። እሸቱን ጋቢውን ማስወለቅ ግን አልተቻለም፤ «ላብ ከብርድ ይሻላል» እያለ ግንባሩን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል።

ሞጆ ላይ ሳጥኑን ሲከፍተው በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ቆርቆሮዋ ላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። እጁን ነከረና ወደ እኔ ዞረ። «ለብ ብሏል» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አዳማ አንድ ፍሪጅ አይጠፋም» አልኩት። 

አልጠፋምም። ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ፣ ስማችንን ከመጠየቋ በፊት ችግራችንን ጠየቀችን። ቆርቆሮዋን ተቀብላ፣ ብልቃጦቹን በፎጣ አድርቃ፣ ለስላሳ ከሚቀመጥበት ባለመስተዋት ፍሪጅ ውስጥ ፊት ለፊት ደረደረቻቸው። «እዚህ እያየናቸው ነው የሚያድሩት» አለች። ራት ላይ ግን አንድ ሹፌር መጥቶ ፍሪጁን ሲቃኝ ቆየና «ያቺን ትንሿን ስጪኝ፣ አዲስ የመጣች ናት?» አለ። እሸቱ ሳህኑን ይዞ ተነሣና ራቱን ፍሪጁ ሥር ተቀምጦ ጨረሰ።

ክፍላችን ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ነበረው። ቤታችን ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰን ሦስተኛውን እንመኛለን፤ አዳማ ላይ አንሶላውም ከበደኝ። እሸቱ በጋቢው ተኛ።

ሁለተኛው ቀን

«የኔን ፍሪጅ ይህን ሁሉ ዘመን በነፍስ ያቆየው ቶላ ነው፤ ለሳጥናችሁም እሱ ያውቅለታል» ብላ ወይዘሮ ብርቄ ባጃጅ ጠራችልን።

የቶላ ሱቅ በር ላይ ፍሪጆች ሆዳቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል። እሱ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። «አካም ቡልተን፣ አባባ? እናቴ፣ ግቡ፣ ጥላ ውስጥ ግቡ» ብሎ ሁለት በርጩማ አወጣልን። ሳጥኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«አባባ፣ ይሄ ፍሪጅ አይደለም። ይሄ ብርድ ልብስ ነው። የሰጡትን ብርድ ይይዝልዎታል እንጂ የራሱን ብርድ አይወልድም።»

«እንግዲያ እንዲወልድ አድርገው» አለ እሸቱ።

ቶላ ትንሽ አሰበና ከጓዳ ቢሮ ውስጥ የሚቆም፣ ጀሪካን የሚገለበጥበት የተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ ጎትቶ አመጣ። ከሆዱ ውስጥ ብስኩት የምታህል ነጭ ጠፍጣፋ ነገር ፈታ፤ ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከጎኗ ወጥቷል። «ሥራውን የምትሠራው ይቺ ናት። ኤሌክትሪክ ሲገባባት አንድ ፊቷ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ፊቷ ይሞቃል። ቀዝቃዛውን ወደ ውስጥ፣ ሙቁን ወደ ውጭ እናዞረዋለን። ጋዝ የላት፣ ሞተር የላት።»

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ይቺ ነገር በመጽሐፉ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በአንዲት አንቀጽ ተጽፋለች፤ ሁልጊዜ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብዬ አልፋት ነበር። በዓይኔ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ግን ለቶላ አልነገርኩትም፤ የነገርኩት የፊዚክስ መምህርት መሆኔን ብቻ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ቲቸር» አለኝ።

ሳጥኑ የሚበሳበት ሰዓት ሲደርስ እሸቱ ፊቱን አዞረ። «ሃያ ሁለት ዓመት ጭረት ሳላሳርፍበት» አለ።

«አባባ፣ እርስዎ በቀን ሁለቴ ይወጉ የለ? እሱ አንዴ ቢወጋ ምን ይላል?» አለና ቶላ መብሻውን አስነሣ። እሸቱ ሳይወድ ሳቀ።

ቀዳዳው ላይ ጠፍጣፋዋ ገባች። በሁለቱም ፊቷ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው አሉሚኒየም ተለጠፈባት፣ በአሉሚኒየሙም ላይ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ማራገቢያ ታሰረ፤ ዙሪያው በስፖንጅና በሲሊኮን ተደፈነ። ሚኒባሷ ውስጥ ደግሞ ለሳጥኑ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ተቀመጠ። «ስትነዱ ይሞላል፣ ስትቆሙ ሳጥኑ ከዚያ ይበላል፤ መብራት ያለበት ቤት ስትገቡ ደግሞ በዚህ ቻርጀር ሰኩት። ከመኪናዋ ባትሪ ብናበላው ጠዋት መድኃኒቱ ይቀዘቅዛል፣ መኪናዋ ግን አትነሣም» አለ ቶላ።

ሽቦውን የማገናኘቱ ክብር ለእኔ ይገባል አልኩ። ቶላ «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ቲቸር» ሲል «እሱን ለእኔ ተወው» ብዬ አቋረጥኩት። አገናኘሁ። ማራገቢያው ዞረ። አንድ ብርጭቆ ውሃና ቴርሞሜትር ከተን፣ ክዳኑን ዘግተን ሻይ ጠጣን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሸቱ ቁጥሩን አነበበ፤ አርባ አንድ። ቶላ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ቲቸር፣ ቀዩን የት አሰሩት?» አለ። ለካ ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ብርድና ሙቀቱም ይገለበጣል፤ ያቺ ያስዘለልኳት አንቀጽ የምትለው ይህንኑ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተማሪ ስታቃጥል ኖራ አሁን ወደ መድኃኒቴ ዞረች» አለ እሸቱ።

«ግድ የለም አባባ፣» አለ ቶላ፣ «ደብረ ብርሃን ሲገቡ እንዲህ ገልብጠው ምሳ ያሞቁበታል።»

ተስተካክሎ ሲታሰር ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ውጭው ሠላሳ ሁለት ሲሆን ሳጥኑ አመሻሹ ላይ ዐሥራ አራት ገባ። ጎረቤት ያለችው የመድኃኒት ባለሙያ «እንዳይሞቅና በረዶ እንዳይሠራ ነው እንጂ፣ ለጥቂት ቀን ይህ ይበቃዋል» አለችን። ቶላ የቴርሞሜትሩን ሽቦ በክዳኑ ሥር ወደ ውጭ አውጥቶ ቁጥሩ ሳይከፈት የሚታይ አደረገውና አስጠነቀቀን፦ «በየመንገዱ አትክፈቱት። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የደከመበትን ብርድ ነው የምታፈሱበት።» ይህ ምክር ምን እንዳመጣብን ወደፊት ታያላችሁ። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት እሸቱ መርፌውን ተወጋ፣ ብልቃጡን ወደ ቆርቆሮዋ፣ ቆርቆሮዋን ወደ ሳጥኑ መለሰና ቁርስ ልንበላ ወጣን። ወይዘሮ ብርቄ ጨጨብሳ አቅርባለች። ለስኳር ሰው አይሆንም ብዬ ሁለት ጉርሻ ብቻ ፈቀድኩለት፤ ሦስተኛውን እሷ መጥታ አጎረሰችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። በልተን፣ አመስግነን፣ ሳጥኑን ጭነን ጉዞ ጀመርን።

ስንነሣ ቴርሞሜትሩ ሃያ ሁለት ይላል። እሸቱ ደነገጠ፤ «ማታ ዐሥራ አራት አልነበረም?» አለ። ሞጆ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ቆቃን ስናልፍ ዐሥራ ሰባት ሆነ። «እያሸነፈ ነው» አለኝ እሸቱ። መቂ ላይ ዐሥራ አምስት ሲል መኪናውን አቁሞ ለቶላ ደወለለት። መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ተከምሮ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ቲማቲም ከገበያ ስትመጣ እንደ እንግዳ በጥንቃቄ ትያዛለች፤ እዚያ በአካፋ ሊጭኗት ምንም አልቀራቸው። ጋቢውን ያወለቀውም መቂ ላይ ነው። በእውነት እላችኋለሁ፣ ባለቤቴን እንዲያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ዝዋይ፣ በአዲሱ ስሟ ባቱ፣ ለምሳ ደረስን። ዓሣ ጥብስ አዘዝንና እሸቱ ለአስተናጋጁ ሳጥኑን ሊያሳየው ክዳኑን ከፈተ።

ሦስት ፓፓያ። አንድ ፌስታል ሎሚ። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። በጨርቅ የተጠቀለለ አምባሻ። ቆርቆሮዋ የለችም።

እሸቱ ፓፓያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ አምባሻውንም ፈቶ ውስጡን አየ።  እኔ ወደ አዳማ ደወልኩ።

«በሞትኩት፣» አለች ወይዘሮ ብርቄ፣ «ይኸው ፍሪጅ ውስጥ ናት። ሳጥኑን ብከፍተው ባዶ ነው፤ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ። ከኔ ቤት ዕቃ ባዶውን ወጥቶ አያውቅም፣ እትዬ። አምባሻው ትኩስ ነው፣ ፓፓያውም እንዳይጨፈልቃት ብዬ አወጣኋትና፣ ስትሄዱ በእጃችሁ ልሰጥ ነበር። እንግዳ መጣብኝ፣ ረሳኋት።»

በምን አፌ ልቆጣት? እኔ ራሴ የጎረቤት ሰሐን ባዶውን መልሼ አላውቅም። እኛ ሰፈር የተዋሱት ወንፊት እንኳ እፍኝ ቆሎ ይዞ ነው የሚመለሰው። እሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ምናልባት ድንችም እጨምርበት ነበር። ጠዋት ሳጥኑን ያሞቀው ትኩሱ አምባሻ መሆኑም የገባኝ ያኔ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የቶላ ማሽን ያሸነፈው አምባሻውን ነው።

የሚቀጥለው መርፌ ምሽት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የከተማውን መድኃኒት ቤቶች አዳረስን፤ የእሱ ዓይነት አልቋል፣ ነገ ይመጣል አሉን። እሸቱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

«ምልክት ነው» አለ። «ወደ አዳማ እንመለስ፤ ከዚያም ወደ ቤት።»

«እትዬስ?»

«በስልክ እነግራታለሁ።»

ተናደድኩ፤ የእውነት ተናደድኩ። ያን ቀን መሪውን ወደ ኋላ ካዞረ ሁለተኛ ከግቢያችን እንደማይወጣ አውቃለሁ። እሷም ሰማንያ ልትደፍን ነው። «በስልክ አትነግራትም፣ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። እኔ መኪና መንዳት አልችልም፤ ቢሆንም ቁልፉ ኪሴ መግባቱ ልቤን አረጋጋው።

ወዲያው ወይዘሮ ብርቄ ደወለች። አዴ ሎሚ የሚባሉ ደንበኛዋ ወደ ዝዋይ ሊመጡ ሚኒባስ ተሳፍረዋል፤ ቆርቆሮዋን በቀዘቀዙ የለስላሳ ጠርሙሶች መሃል አድርጋ፣ በረጠበ ፎጣ ጠቅልላ ሰጥታቸዋለች። እኛም መናኸሪያው በር ላይ ሳጥናችንን አጠገባችን አስቀምጠን ጠበቅን። ከአዳማ የመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እሸቱ በመስኮት አንገቱን እያስገባ ያያል። ረዳቶቹና ተሳፋሪዎቹ ነገሩን ሲሰሙ ዙሪያችን ተሰበሰቡ፤ ፓፓያ ቆርሼ አደልኳቸው። «ሲቀዘቅዝ እንዴት ይጥማል፤ ግሩም ሳጥን ነው» አሉ። እሸቱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ከሚኒባስ ወረዱ፤ ቀሚሳቸው ከጉልበታቸው በላይ ርሷል።

«አባባ እሸቱ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኸው። ከአዳማ ጀምሮ እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የመጣሁት። ልብሴን አረጠበኝ እንጂ እሱ አልሞቀም።»

እሸቱ ቴርሞሜትሩን ፎጣው ውስጥ ከተተ፤ ዐሥራ ሁለት። ከሳጥናችን በአንድ ነጥብ ይቀዘቅዛል። ቶላ እንዳይሰማ። አዴ ሎሚን ዓሣ እንጋብዝዎ ብንላቸው «ጋላቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ቤት ሰው ይጠብቀኛል» አሉ። መድኃኒቱን ያመጡበትን ፌስታል ግን ባዶውን አልመለስኩላቸውም፤ የቀረውን ፓፓያና ሎሚውን ከተትኩበት።

አዳሚ ቱሉ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እትዬ ዘነበች በር ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀምጣለች፤ የሚኒባሷን ድምፅ ስትሰማ ተነሣች። እሸቱ እግሯ ሥር ተንበረከከ። በሁለት እጇ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ሁለት ጊዜ።

«ከስተሃል» አለችው። ቆይታም «ዓይኑ የጠፋው የእኔ ነው። አንተን ምን ጋርዶህ ነው አራት ዓመት ያላየኸኝ?»

«መድኃኒቱ ነው፣ እትዬ። መንገድ ላይ ይሞቅብኛል ብዬ።»

«እሺ» አለች።

አጠገባቸው ነበርኩ። እሸቱ ያን ሁሉ ጊዜ መሬት መሬት ነው የሚያየው፤ ቀና ብሎ ዓይኗን አላየም። የፈራው ሙቀቱን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከእኔ ደብቆ መኖር መቻሉ ገረመኝ፤ አሳዘነኝም።

አራተኛው ቀን

ብርድ ልብሶቹ ተወደዱ። እትዬ ዘነበች አንዱን በርጩማዋ ላይ አጥፋ ተቀመጠችበት፤ ሌላውን ለምን እንደምታውለው እያሰበችበት ነው።

የሳጥኑ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ነቅቷል። ገና ቁርስ ሳንጨርስ ጎረቤቶች «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ ይገባሉ፤ ሁሉም በእጁ ነገር ይዟል። እስከ ረፋድ ድረስ ሳጥኑ የአንዷን ቅቤ፣ የሌላዋን ወተት፣ አራት እንቁላልና የአንድ ሽማግሌ የመጠጥ ውሃ ይዞ ነበር። እሸቱ በከፈቱት ቁጥር ቴርሞሜትሩንና ቆርቆሮዋን እያየ ይቁነጠነጣል። እትዬ ዘነበች በርጩማዋን ሳጥኑ አጠገብ አስጠግታ ተቆጣጣሪ ሆነች። «ማስገባት ትችላላችሁ፤ የወንድሜን ቆርቆሮ የነካ ግን ወዮለት» ትላለች።

መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ሳጥኑ የሚሠራው ከሚኒባሷ ባወረድነው ባትሪ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ቤቱ በወሬ ሲሞላ እትዬ ዘነበች ድንገት እጇን አነሣች።

«ሳጥኑ ዝም አለ።»

ሁላችንም አዳመጥን። እውነትም ማራገቢያው ቆሟል፤ ባትሪው አልቋል። ሳጥኑን ከጠዋት ጀምሮ ስናይ የቆየነው እኛ ነን፣ መቆሙን ያወቀችው እሷ ናት። እሸቱ ቆርቆሮዋን ይዞ ግቢ ውስጥ ዞረ፤ ጥላውም ይሞቃል።

«ና ወዲህ» አለችው። «ጓዳ ከእንስራው ግርጌ ያለው አሸዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እዚያ ቅበራት። የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ መርፌ ነው የምትወጋው፤ መወጋት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፣ እንዲያ ነው የምታኖረው።»

እሸቱ አላመነም። ቴርሞሜትሩን ከቆርቆሮዋ ጋር ቀበረና በርከክ ብሎ ጠበቀ። ውጭ ሠላሳ ሦስት ነው፤ አሸዋው ሃያ አንድ። ደብረ ብርሃን ለምታክመው ነርስ ደወለ። እሷም በእርጥብ አሸዋ ማቆየት የታወቀ ነገር መሆኑን፣ የያዘውን እስኪጨርስ እንደማይበላሽበት ነገረችው። ስልኩን ዘጋና ረጅም ጊዜ ሳይነሣ እንስራውን ሲያይ ቆየ። አንድ ቀን ሙሉ አዳማ ላይ በኤሌክትሪክ ስንታገልለት በዋልነው ነገር የሸክላ ሠሪ እጅ ቀድሞናል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሳጥን ባይኖር እሸቱ እንስራው ድረስ አይመጣም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ባትሪውን ሞላ፣ እህቱም አጠገብ ተቀመጠ። በልጅነቱ አልጋ ላይ ሲሸና ብርድ ልብሱን ማንን አስታቅፎ እንዳሳበበበት ለጎረቤት ሁሉ አወራችበት። እሸቱ ሳቀ፤ ሲስቅም ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ዓይኗንም። ከዚያ በኋላ ማየቱን አላቆመም።

አምስተኛው ቀን

ምንም አልሆነም። ዓሣ በላን፣ በጥላ ተኛን። መብራት መጣ።

ስድስተኛው ቀን

ሰኞ የማስጠናቸው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስላሉኝ የመመለሻችን ቀን ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ጭነን ጨረስን። ሳጥኑ በመብራት ሲሠራ አድሮ ዐሥራ ሦስት ይላል። እሸቱ ቆርቆሮዋ ውስጥ መኖሯን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፍቶ አየ። መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነሣ። እትዬ ዘነበች በመስኮቱ በኩል ቆማ እጇን በሩ ላይ አሳርፋለች። እንዲቆይ አልለመነችውም፤ አላለቀሰችም።

«በሉ ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። መድኃኒቱ ይሞቅባችኋል» አለች።

«አይሞቅም፣ እትዬ» አለ እሸቱ በኩራት። «ከእንግዲህ የትም ቢሆን አይሞቅም።»

 እጇን ከበሩ አላነሣችም።

«እንግዲያ ምን ያስቸኩልሃል?» አለችው።

አልወቀሰችውም፤ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነው የጠየቀችው። እሸቱ እጁን ከመሪው አወረደ። አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ወደ እኔ ዞረ። እኔም ቤታችንን አሰብኩ፣ ብርዱን፣ ማታ ማታ ብቻዬን መቀመጡን። አልከፋኝም ብል ዋሸሁ።

«ሞተሩን አጥፋው» አልኩት። «የኔን ቦርሳ ብቻ አውርድልኝ፣ የሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ።»